ያቺ ላም

«እኔ ምንም አልወጣኝም፣ ጋሼ። ሰው የሚለውን ነው የምነግርህ። አምስት ዓመት እኮ ነው! ልጅህ ቀን ከሌት መሪ ላይ ተጣብቆ የሚለፋው ለማን ነው? ቢያስብበት ምን አለ? ሴት እንደሆነ አልጠፋ!»

ምራቲቱ በአንድ እግሯ ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቀረች። መኝታ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው። ቀለም ስለተቀባ ግድግዳ ይመስላል እንጂ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ እንኳ ያሳልፋል። ተናጋሪዋ የባሏ አክስት ናት፤ ጥርሷን ልትታከም መጥታ ጥርሱ ከዳነ በኋላም የሰነበተች፣ ድምፅ መቀነስ የማታውቅበት ሴት። የምታናግረው ታላቅ ወንድሟን፣ የባሏን አባት ነው። ነገሩ ለምራቲቱ አዲስ አልነበረም። ስፌት ቤት አብረዋት የሚሠሩት ሴቶችም ክር ሲበጥሱ ቀና ብለው ሆዷን አይተው ይመለሳሉ። ዛሬ ያንገበገባት ከንግግሩ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። አማቷ ምን እንደሚመልሱ ለመስማት ትንፋሿን ያዘች። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ እየተንቀጫቀጨ ዞረ፣ ዞረና ቆመ።

«አንዲት ቀይ ላም ነበረች፤» አሉ አማቷ።

«ጀመረህ ደሞ!»

«ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ባለቤቷ ተስፋ ቆርጦ ለቄራ ሊነዳት ገመድ አስሯል። ቆይ እስቲ ብዬ ብዳስሳት የእንቁላል ዕጢዎቿ ጤነኞች ናቸው። የጎደላት የሚቀሰቅሳት ነገር ብቻ ነበር። አትንዳት አልኩት።»

«እኔ ስለ ሰው ነው የማወራህ፣ ጋሼ!»

«እኔም፤» አሉ አማቷ።

ምራቲቱ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን ፈገግ ማለቷን ያወቀችው ጉንጯ ሲወጠር ነው።

አማቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከብት አዳቃይ ነበሩ። በየወተት አምራቹ ደጅ እየዞሩ፣ እስከ ትከሻ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው፣ ክንዳቸውን በላሟ ፊንጢጣ አስገብተው ማህፀኗንና የእንቁላል ዕጢዎቿን በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ ጊዜዋ መድረስ አለመድረሱን ይለያሉ። ከደረሰ፣ በከባድ ብርድ ታሽጎ የቆየ የኮርማ ዘር በቀጭን ቱቦ ያኖሩላታል። በየደረሱበት ቀበሌ «ኮርማው መጣ!» እየተባሉ ነው የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት። ቀልዱን ለምደውታል፤ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ይሉና ጓንታቸውን ያጠልቃሉ። ሰው ፊት ግን የሳቸውን ያህል ዓይን አፋር የለም። ምራታቸው ስትታመም «ምንሽን ነው?» ብለው አያውቁም፤ በጣም ሲጨንቃቸው «ብርድ እንዳይመታሽ» ይሏታል፣ በበጋም ቢሆን።

ሐኪሟ እንቁላል የሚያሳድገውን የሆርሞን መርፌ ካዘዘችላት ወዲህ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። የመድኃኒቱ ካርቶን ፍሪጁ በር ላይ፣ ከቅቤው አጠገብ ቦታ ያዘ። ማንም ስለሱ አላወራም። እሷ በየማታው መኝታ ቤት ገብታ ሆዷን ራሷ ትወጋለች፣ ባሏ ካለበት የጭነት መኪና ውስጥ ደውሎ «ተወጋሽ?» ይላል፣ አማቷ ደግሞ ከራት በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ላም ያወራሉ። መጀመሪያ ጃጁ ብላ ደነገጠች። በሦስተኛው ማታ ሆዷ ተነፍቶ የቀሚሷን መቀነት ስታላላ አይተው ነው መሰል፣ «መርፌውን የጀመረች ላም ሆዷን ነፋ ነፋ ያደርጋታል፤ ዕጢዎቿ እየሠሩ ነው ማለት ነው፤ የሚያስፈራ አይደለም፤» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። ያኔ ገባት። ከዚያ ወዲህ የላሟን ወሬ ሳትሰማ አትተኛም።

ዛሬ የክትትል ቀጠሮዋ ነው። ከመውጣቷ በፊት ለማታ ምን ያህል መድኃኒት እንደቀራት ልታይ ፍሪጁን ከፈተች። ከቅቤው አጠገብ ባዶ ካርቶን ብቻ ነበር። እንቁላሉን አነሳች፣ ድንቹን አገላበጠች፤ የለም። ላይኛውን የበረዶ ሳጥን ከፈተች። እዚያ፣ በረዶ ከሆነው ሥጋ ጎን፣ ሰማያዊ ጠርዝ ባለው የወንድ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል። መሐረቡ ተተኩሶ እጥፋቱ እንደ ምላጭ የቆመ ነበር። ፈታችው። ሁለቱ የቀሯት ብልቃጦች ናቸው። አንዱን አንስታ ነቀነቀችው፤ ውስጡ ያለው አልተንቀሳቀሰም። ነጭ ሆኗል።

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። በእንቅልፍ ልቧ የነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ ኩሽና ሲሄድ ሰምታለች። አሁን ሁሉም ተገጣጠመላት። አማቷ ዕድሜ ልካቸውን የሚፈሩት ሙቀትን ነው። በሥራቸው ዓለም ብርድ ያጣ ነገር የሞተ ነገር ነው፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚይዘው እንስራ የሚያህል ማሰሯቸው ተንኖ ካለቀ ውስጡ ያለው ዘር ሁሉ ቆሻሻ ይሆናል። ያ ማሰሮ ባዶውን ዛሬም አልጋቸው ሥር አለ። መብራት ሲጠፋ፣ የምራታቸው መድኃኒት ሊሞቅ ነው ብለው በጨለማ ተነሥተው፣ ቤቱ ውስጥ ካለው ብርድ ሁሉ ወደሚበረታው አዛወሩት፤ እንዳይሰበርም በንጹሕ መሐረባቸው ጠቀለሉት። ይሄ መድኃኒት ግን ቀዝቀዝ ማለት እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። ሲረጋ ይበላሻል። ለመግዣው ሁለተኛዋን የስፌት መኪናዋን ሸጣለች።

«ምን ሆንሽ አንቺ? አመድ መሰልሽ እኮ!» አለች አክስትየዋ፣ ከኋላዋ ብቅ ብላ።

ምራቲቱ መሐረቡን ከነብልቃጦቹ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ምንም አይደለም፣ እትዬ። የፍሪጁ ብርድ ነው።» አክስትየዋ ብታውቅ እስከ ምሳ ድረስ ዘመድ አዝማድ በስልክ ይሰማዋል፤ እስከ ራት ደግሞ ሽማግሌው ጃጅተዋል፣ ቤት ውስጥ ብቻቸውን አይተዉም ይባላል። ወደ ሳሎን ወጣች። አማቷ ሬዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የባትሪውን ክዳን ይገጥማሉ።

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሰምቻለሁ፣ አባባ።»

«ፍሪጁ ውስጥ ያለው… ምንም አልሆነም?»

«ምንም አልሆነም።»

ሕፃን አስተኝቶ በሩን በቀስታ እንደዘጋ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ እርካታቸው ከአክስትየዋ ንግግር ሁሉ ይልቅ አንጀቷን በላው።

ክሊኒኩ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው በነጭ አቧራ ተሸፍኖ የሴቶች ጫማ ዱካ ይታይበታል፤ ሁሉም ወደ ላይ ሲወጣ ጠንከር፣ ሲወርድ ሳሳ ያለ ይመስላል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ አቧራ የጠጣ የላስቲክ አበባ፣ እርስ በርስ ላለመተያየት ስልካቸው ላይ ያጎነበሱ ሴቶች። ነርሷ መስኮቱ ላይ ብልቃጦቹን ተቀብላ ወደ መብራቱ አነሣቻቸው። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ ውስጡ እንደ ተበላሸ ወተት ጓጉሏል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«ስንት ጊዜ ነው የተናገርኩት? ለልጅ እንኳ አንድ ጊዜ ይበቃል!» ከዚያ የሴቲቱን ፊት አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁለቱም አይሆኑም። እኛ ጋ አልቋል። አዲሱ የሚገባው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። አንቺ ደግሞ ለዛሬ ማታ ያስፈልግሻል።» አጠገብ ያለች አረንጓዴ ሻርፕ የለበሰች ሴት ከስልኳ ቀና ብላ ተመልሳ አቀረቀረች።

ስሟ ሲጠራ ገባች። ሐኪሟ ከበሽተኛዋ ይልቅ ከስክሪኑ ጋር የምታወራ ወጣት ናት። መብራቱን አጠፋችው። ግራጫው ምስል ተንቀሳቀሰና ጥቋቁር ክቦች ብቅ አሉ።

«ይኸው ያንቺ ኦቫሪ። ጥቋቁሮቹ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው፤ እንቁላሎቹ እነሱ ውስጥ ናቸው። ጎበዞች! በቀኝ ስድስት። በግራ… አምስት። በጣም ደስ ይላል።»

ምራቲቱ አንገቷን ሰብራ አየች። የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላሉ፤ ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ፣ ከግራጫ ጨርቅ ላይ ገና ያልተሰፋ። «በመርፌው ነው የመጡት?» ብላ ጠየቀች።

«አልመጡም፤ ነበሩ። በየወሩ ብዙዎቹ አብረው ይነቃሉ። ከዚያ አንዷ ትቀድማለች፤ እሷ ስታድግ የራሷን ሆርሞን ታመርትና ለአንጎል ‹በቃ፣ እኔ አለሁ› ትለዋለች። አንጎልም የሚልከውን ስንቅ ይቀንሳል። ሌሎቹ በረሃብ ይሞታሉ። መርፌው ስንቁ እንዳይቀንስ ነው የሚያደርገው። አዲስ የምንፈጥረው የለም፤ ሊሞቱ የነበሩትን ነው የምንደርስላቸው። እንቁላሎቹማ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ ካንቺ ጋር ናቸው።»

«ከመወለዴ በፊት?»

«እናትሽ ሆድ ውስጥ ሳለሽ። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ነው የምትወለደው።»

እናቷም ልብስ ሰፊ ነበረች። እሷን አርግዛ እስከ መጨረሻው ቀን መኪናው ላይ እንደነበረች፣ ሆዷ ገፍቶ ጨርቁ ላይ ሲደርስ ወንበሯን ወደ ኋላ እየሳበች ፔዳሉን በእግሯ ጣት እንደምትረግጥ ራሷ እየሳቀች ትነግራት ነበር። ከሞተች ሰባት ዓመቷ። እነዚህ ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁልፎች ያኔ እዚያ ነበሩ ማለት ነው፣ ዓይን ከማያየው ሁሉ አንሰው፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ አብረው ተንቀጥቅጠዋል። እናቷ የልጅ ልጇን ሳታይ ሞተች ብላ ስንት ቀን አልቅሳለች። አላየቻትም፤ ግን ተሸክማታለች። ምራቲቱ አልጋው ላይ ተኝታ፣ ጆሮዋ ውስጥ እንባ እየገባ፣ ለማን እንደሆነ በማታውቀው ምስጋና አፏ ተሞላ።

«የዛሬው መርፌ ቢቀርስ?» አለች እንባዋን ጠርጋ።

ሐኪሟ መብራቱን አበራች። «እንዳይቀር። እዚህ ደርሰው ስንቅ ካጡ ወደ ኋላ ይመለሳሉ።»

ወደ መጠበቂያ ክፍሉ ተመለሰች። መሄድ አልቻለችም፣ መቀመጥም አልቻለችም። ቦርሳዋ መሐረቡ ላይ በቀለጠው በረዶ ከሥሩ ረጥቧል። ለባሏ ልትደውል ስልኳን አወጣችና መልሳ ከተተችው፤ «ማነው ያደረገው?» ብሎ ቢጠይቃት እሱን መዋሸት አትችልም። አረንጓዴ ሻርፕ የለበሰችው ሴት አጠገቧ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገችላት። ስትቀመጥ፣ ከእግሯ ሥር የልጅ ምሳ ዕቃ አነሣች፤ በበረዶ ከረጢት መሃል ሁለት ያልተከፈቱ ብልቃጦች አሉበት።

«ያንቺው ዓይነት ነው። ስሙን አይቻለሁ፤ ሲስተሯ ስትጮህብሽ።»

«ያንቺስ?»

«የኔ ተቋረጠ፣ ዛሬ ጠዋት።» ሻርፗን አስተካከለች። «የኔዎቹ አልሰሙም። የቱንም ያህል ቢጠሯቸው ዝም። አንዷ ብቻ ነቃች፣ እሷም እንቅልፏን አልጨረሰችም።» ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ።

«ልግዛው። ዛሬ ባይኖረኝም በየወሩ እየከፈልኩ…»

«ተይ እባክሽ! ቤት ወስጄው ፍሪጅ በከፈትኩ ቁጥር እሱን ላይ ነው? ውሰጂልኝ። ለኔ ስትይ ውሰጂልኝ።»

ምራቲቱ ምሳ ዕቃውን ተቀበለች። «እግዜር ይስጥልኝ» አፏ ውስጥ አንሶ ተሰማት። በመጨረሻ የሴቲቱን እጅ ይዛ ሳመችው። ሴቲቱ ደንግጣ እጇን ብትነጥቅም ወዲያው መልሳ የምራቲቱን እጅ ጨበጠች። «ሲሆን ለሲስተሯ ንገሪያት፣ ትነግረኛለች፤» አለች። «ባይሆንም ንገሪያት። ብቻዬን እንዳልሆን።» ነርሷ ብልቃጦቹን አገላብጣ፣ ማሸጊያቸውንና ጊዜያቸውን መርምራ፣ «ደኅና ናቸው። እኔ ግን ምንም አላየሁም፤» ብላ መስኮቷን ዘጋች።

አውቶቡሱ ውስጥ ምሳ ዕቃውን እንደ ሕፃን አቅፋ ቆመች። አንድ ተሳፋሪ ሆዷን አይቶ ቦታ ሲለቅላት ልትከለክለው ፈልጋ ነበር፤ ግን ተቀመጠች። ቤት ስትደርስ አክስትየዋ በር ላይ ተቀበለቻት።

«እንኳን መጣሽ! ጋሼ ምሳ አልበላም። ፍሪጅ ከፍቶ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ ሲል ቆይቶ ያንን ባዶ ካርቶን ይዞ ተቀመጠ። መነጽሩን አድርጎ ሲያነበው ሲያነበው ዋለ። ምን ይላል ብለው አይመልስልኝም። ምንድነው የሆናችሁት?»

አማቷ ሳሎን ጥግ ተቀምጠዋል። ካርቶኑ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ በረዶ እንዳያገኘው የሚያስጠነቅቀው መስመር ወደ ላይ ሆኗል። ቀኝ እጃቸው፣ ያ ስንት ላም የዳሰሰ እጅ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ዕቃ ይመስል ወንበሩ ክንድ ላይ ተጥሏል። ቀና ብለው አላዩዋትም። ምራቲቱ አጭር በርጩማ ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። አክስትየዋ ድንቿን ይዛ መጥታ መላጥ ጀመረች፤ ቢላዋው ብቻ ይሰማል።

«አባባ፤» አለች ምራቲቱ። «ያቺን ቀይ ላም ዛሬ አየኋት።»

ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። «የት?»

«ከሴራሚክ ሱቁ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ።»

«ፎቅ ላይ ላም?» አለች አክስትየዋ። «ይቺም ጀመራት!»

«ደኅና ናት?» አሉ አማቷ።

«በጣም ደኅና ናት። በቀኝ ስድስት ይዛለች፤ በግራ አምስት።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ወንበሩ ክንድ ላይ ቀስ ብለው ተጠጋጉ፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ለስላሳ ነገር እንደሚለኩ። «ምን ያህላሉ?»

«የሸሚዝ ቁልፍ ያህላሉ።»

«ጥሩ ነው። ጥሩ ነው ይሄ።» ካርቶኑን አገላበጡ። «መድኃኒቷስ? አንድ የማይረባ ሽማግሌ ብርድ አስበልቶባታል አሉ።»

«ብርድ የበላውን ትተነዋል። ሌላ ላም የራሷን ሰጠቻት።»

«ላም ለላም አትሰጥም፣ ልጄ።»

«ይቺ ሰጠች፣ አባባ።»

ቢላዋው ዝም አለ። አክስትየዋ ወንድሟን አየች፤ ካርቶኑን አየች፤ ከዚያ ምራቲቱን፣ ከፊቷ እስከ ተላላው መቀነቷ ድረስ ቀስ ብላ አየቻት።  ድንቿን ሰብስባ ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች። ውኃ ሲቀዳ ተሰማ፣ ድስት ተጣደ። ብዙ ቆይታ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ከዚያው ሆና ጮክ ብላ፦

«ያቺ ላም… ምሳ በልታለች ወይ?»

«አልበላችም፣ እትዬ፤» አለች ምራቲቱ።

«እንግዲያው ትቀመጥ። እኔ አቀርባለሁ። አንተም ትበላለህ፣ ጋሼ፤ አላወቅኩም ነበር እኮ!» ድስቱን ስታወርድ ተሰማ።

አመሻሹ ላይ የመርፌው ሰዓት ሲደርስ ምራቲቱ ከፍሪጁ በር፣ ከቅቤው አጠገብ፣ አንዱን ብልቃጥ አወጣች። ሌላ ቀን ቢሆን ይዛው በቀጥታ መኝታ ቤት ትገባ ነበር። ዛሬ ሳሎን መጣች። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን መሐረብ ከምሳ በኋላ አጥባ ተኩሳው ነበር፤ መጀመሪያ እሱን መለሰችላቸው። አማቷ ሰማያዊ ጠርዙን አይተው ተቀበሉት።

«ብርዱ ሳይወጣለት ሲወጋ ያምማል፣ አባባ፤» አለች። «ትንሽ ለብ ይበል ብለዋል። ይያዙልኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን በመሐረቡ ጠረጉ፣ መዳፉንም፣ በጣቶቻቸው መሃልም። ብልቃጡን ተቀብለው ቀኝ መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጡትና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉበት። አልጨበጡትም፤ እንደ ጫጩት ያዙት። ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው፣ ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ትንፋሻቸውን ቀነሱ። ምራቲቱ በርጩማው ላይ ሆና ጠበቀቻቸው። አክስትየዋ ሬዲዮኑን ሄዳ ዘጋችው።

ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ከፈቱላት።

«ደርሷል፤» አሉ።

ተቀበለችው። ለብ ብሏል።